የመምህር ዓብዱልሀኪም አንድ ቃል

ነገሌ ውስጥ መምህር ዓብዱልሀኪምን በሙሉ ስማቸው የሚጠራቸው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር። ለቀረው ሰው «ቲቸር ጎ» ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ከጦር ካምፑ ይመጣ የነበረ አንድ የሻምበል ልጅ ነው ይባላል። ማንም ያውጣው ማን፣ ተጣብቆ ቀረ፤ ነገሌ ደግሞ አንዴ የለጠፈችውን ቅጽል ስም መልሳ የምትልጥ ከተማ አይደለችም። ነገሩ ወዲህ ነው። ዘጠነኛ ክፍል የገባ ተማሪ ሁሉ የመጀመሪያውን ሳምንት የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ «ጎ» የምትባለውን አንዲት ቃል ሲማር ነበር የሚከርመው። መጽሐፉ ሌላ ቢያዝም እሳቸው አይሰሙትም።

«ሂድ ማለት ነው ብላችሁ እንዳትገላገሉኝ!» ይሉ ነበር ጠመኔውን እያወዛወዙ። «እሱንማ የውሃ አህያም ያውቀዋል። እንግሊዝ የማያስኬደው ነገር የለም! ወተት ሲበላሽ ይሄዳል፤ ጎ ባድ። ሰው ዓይኑ ሲጠፋ ይሄዳል፤ ጎ ብላይንድ። ሲያብድም ይሄዳል፤ ጎ ማድ። መብራት ሲጠፋ፣ የነገሌን መብራት መቼም እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ጎ አውት። ሳይበላ የሚያድር ሰውስ? እሱም ከተቀመጠበት ሳይነቃነቅ ይሄዳል፤ ጎ ዊዝአውት።» ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። «ይህችን ቃል የያዘ ሰው እንግሊዝ አገር ቢጥሉት በረሃብ አይሞትም» ብለው ይዘጋሉ።

ይህ ቀልድ ዞሮ ዞሮ በራሳቸው ላይ ይመጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ጡረታ ከወጡ በኋላ አንድ ማለዳ ለሱብሒ ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ሲታጠቡ ወደቁ። ቀኝ እጅና እግራቸው ሞተ። ሐዋሳ ወስደዋቸው የነበረ ጊዜ ሐኪሙ ልጃቸውን ካውሰርን ወደ ጎን ጠርቶ፣ «አባትሽ ይሰማሉ፣ ይገባቸዋልም፤ ቃሉ ነው የጠፋባቸው» አላት። የጠፋውም ለጉድ ነበር። ሲያስተምሩበት የኖሩበት አማርኛ ሄደ። ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡት ኦሮምኛ ሄደ። ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው የያዙት ቁርዓን እንኳ ከምላሳቸው ላይ ሄደ። ከዚያ ሁሉ የተረፈችው አንዲት ቃል ናት።

«ጎ» አሉ ሐዋሳ አልጋው ላይ ሆነው ዓይናቸውን ሲገልጡ።

ወሬው ነገሌ ቀድሟቸው ገባ። ሰዉ ሳቀ፤ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የሚያስቅም ነበር። ቲቸር ጎ፣ ጎ ብቻ ቀራቸው! ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ «አካም፣ ቲቸር? ናጋ?» ሲላቸው «ጎ» ብለው ይመልሱለታል፤ ጠያቂው ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይይዝና ከአጥሩ ውጭ ይለቀዋል። ካውሰርም አብራ ሳቀች። በኋላ ግን አንድ ቀን ሲሰግዱ አየቻቸው። ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸው እየተንቀጠቀጠ «ጎ፣ ጎ ጎ፣ ጎ» ይላሉ። አላህ ፊት ይዘው የቀረቡት ያችኑ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳቁ እንቢ አላት።

ካውሰር በዚያን ጊዜ ሠላሳዎቹን አጋምሳ ነበር። እናቷ ከሞተች ቆይታለች። ወንድሟ ሚክዳድ በሞያሌ በኩል ወጥቶ ወደ ደቡብ አፍሪካ አቀና፤ ከመንገድ ሁለት ጊዜ ደወለ፤ ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ሲሄድ አባቱ ናቸው ትከሻውን መታ አድርገው የሸኙት፤ «ጎ!» ብለው፣ በተማሪዎቻቸው ፊት እንደሚሉት በሳቅ። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሷና አባቷ ናቸው። በአጎቷ በዓብዱሰመድ ሱቅ ስኳርና ጨርቅ መሸጧን ትታ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጠች።

ቀስ በቀስም ቃሏን ተማረቻት። አጭርና ደረቅ ስትሆን ውሃ ማለት ናት። ስትጎተት አገላብጪኝ። ወደ ላይ ስትወጣ ሬዲዮው ላይ የሚወራው አላማራቸውም። ዝቅ ብላ ሁለቴ ስትደጋገም አሞኛል ማለት ናት፤ ይህችኛዋን ለመስማት ካውሰር ሌላ ክፍል ሆና እንኳ ጆሮዋ ቆሞ ነበር። ራሳቸውን እንዲነቀንቁላት ሞክራ አልሆነም፤ ለአዎንም ለአይደለምም አንድ ዓይነት ነው የሚነቀንቁት። ቃሏ ግን አታሳስታትም። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩት እውነት ነበር፤ በዚያች ቃል ሰው ይኖራል።

ዩኑስ የመጣው በዚህ መሐል ነው። የሩቋ የተልተሌ ሰው ነው፤ ነገሌ አክስቱ ቤት ሆኖ የተማረ፣ የመምህሩ የድሮ ተማሪ፣ አሁን ከብት ነጋዴ። በገበያ ቀን ከብት ይዞ ሲመጣ መምህሩን ሊጠይቅ ገባ። እንደ ሌላው አልሳቀም፤ አላዘነምም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለና «ቲቸር፣ ጎ ባድ» አላቸው፤ የገበያውን መክፋት ሊነግራቸው። መምህሩ ከትከት ብለው ሳቁ። «ጎ!» አሉ። «ጎ አፕ፣ ቲቸር፣ ዋጋው ብቻ ነው ጎ አፕ» አለ። ሲጫወቱ ዋሉ። ካውሰር በሩ ላይ ቆማ አባቷ እንደ ሰው ሲያወሩ አየች፤ ያየችው ያን ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ዩኑስንም አየችው።

ከዚያ በኋላ ከብት ባይኖረውም ገበያ አለኝ እያለ መምጣት አበዛ። ሰው አወቀ። ነገሌ ሳታውቅ የሚሆን ነገር መቼ አለና! «ሊያገባት ነው» ተባለ፤ እውነትም ሊያገባት ነበር። እሷም ወደደችው፤ ፀጉሯ መሐል ነጭ ብቅ ማለት በጀመረበት ጊዜ፣ ይህ ነገር በእኔስ አለፈ ብላ በተወችበት ጊዜ ወደደችው። ደስታዋ ያስፈራት ነበር።

ችግሩ ተልተሌ ነው። የዩኑስ እናት ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም፤ ከደጃቸው ፈቀቅ አይሉም። የካውሰር አባት ደግሞ ከነገሌ አይወጡም። እሷ ይዛቸው ልትሄድ አስባ፣ እስቲ ይልመዱ ብለው አንድ ቀን መኪና ላይ ጭነዋቸው ነበር፤ ከተማው ሲያልቅ መጮህ ጀመሩ፤ ዋደራ ሳይደርሱ ለመመለስ ተገደዱ። «ጎ! ጎ! ጎ!» ሲሉ ሹፌሩ ሂድ ያሉት መስሎት ነዳጁን ይረግጣል፤ እሷ ናት ቁም ያለችው።

«እኔ እይዛቸዋለሁ» አለች የአጎቷ ሚስት ሸምሳ። «አንቺ ዕድሜሽን አትጨርሺ፣ ሂጂ አግቢ። እኔ ቤት ምን ይጎድልባቸዋል?» ክፉ ሴት አይደለችም ሸምሳ። ግን መምህሩ «ጎ» ሲሏት ሁልጊዜ ውሃ ነው የምታመጣላቸው። ሲያማቸውም ውሃ፣ ሲበርዳቸውም ውሃ።

ይህ ሁሉ የተባለው እሳቸው ባሉበት ነው። ትልቁ ጥፋት ይሄ ነበር፤ አንደበት ያጣን ሰው ጆሮም የሌለው ማስመሰል። አጎቷ፣ ሸምሳና የዩኑስ ሽማግሌዎች አልጋውን ከበው ማን ይወስዳቸው፣ የት ይተኙ፣ ቤቱ ይከራይ አይከራይ እያሉ ሲመክሩ መምህሩ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ዓይናቸውን ያንከራትታሉ። ካውሰር ለብቻቸው ልትነግራቸው ደጋግማ ፊታቸው ተቀመጠች። «አባ» ትልና ብርድ ልብሱን አስተካክላ ትነሣለች። ልትጠይቃቸው ያልደፈረችው መልሱን ስለምትለየው ነው። ቢናገሩ ድምፃቸውን ታውቀዋለች፤ ካወቀችው ደግሞ መሄድ አትችልም። ሳትጠይቅ ብትሄድ ይሻላል አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የአባቷን ቃል ላለመስማት ፈለገች።

ኒካሑን የሚያስሩት ሼህ ፋዲል ግን እንዲህ በቀላሉ አልተገኙም። «አባትየው በሕይወት አሉ» አሉ። «አእምሯቸው ደህና ነው፣ ይሰማሉ። ልጅቷን የሚድሩት እሳቸው ናቸው፤ ለወንድማቸው ውክልና የሚሰጡም እሳቸው ናቸው። ከራሳቸው የመጣ ነገር ሳላይ ኒካሕ አላስርም።»

ያኔ አጎቷ ዓብዱሰመድ ጉልበታቸውን መትተው ሳቁ። ነጋዴ ናቸው፤ ሌላው የማይወጣ የሚመስለውን እሳቸው ያወጡታል። «ምን አስጨነቃችሁ? ይናገራሉ እንጂ!» አሉ። «አንድ ቃል አላቸው፤ ያችው ቃል ደግሞ ሂጂ ማለት ናት። ከዚህ በላይ ምን ፈቃድ አለ? ሼሁ ይጠይቋቸው፣ እሳቸው ጎ ይላሉ፣ ጨረስን!»

ቤቱ ሳቀ። ሼህ ፋዲል እንግሊዝኛ ስለማያውቁ «ነው እንዴ?» ብለው ወደ ካውሰር ዞሩ፤ የአባትሽን ንግግር የምታውቂ አንቺ ነሽና ንገሪኝ ማለታቸው ነው።

ካውሰር ያችን ቃል ታውቃታለች። ውሃ እንደሆነች፣ ብርድ እንደሆነች፣ ሕመምና ሶላት እንደሆነች ታውቃለች፤ ሂጂ የምትሆነው ግን እንግሊዞች ዘንድ ብቻ ነው፣ በዚህ አልጋ ላይ አንድም ቀን ሂጂ ሆና አታውቅም። ይህን ማለት ነበረባት። አፏ ላይ ደርሶም ነበር። ዩኑስ በሩ አጠገብ ቆሞ ነጭ ጀለቢያውን እንደ ልጅ በጣቶቹ ሲያፍተለትል አየችውና፣ «አዎ፣ ሼህ፤ ሂጂ ማለት ነው» አለች። ለምስኪን አባቷ የቀረችውን አንዲት ነገር አንሥታ ለራሷ ጉዳይ አዋለቻት፤ ስታደርገውም ታውቅ ነበር።

የኒካሑ ቀን ጠዋት መምህሩን አጥባ፣ የክት ጀለቢያቸውን አልብሳ፣ ትራስ ደግፋ አስቀመጠቻቸው። ሰው ከየቦታው መጣ። ከአሬሮ የመጡ የዩኑስ ዘመዶች ነበሩ፤ የድሮ ተማሪዎች ነበሩ፤ ከካምፕ ጡረታ የወጡ ሻለቃ ሸዋንግዛው የሚባሉ የድሮ ጎረቤት ሳይቀሩ ከነባለቤታቸው መጡ። መምህሩ ሰው ሲያዩ ፊታቸው በራ። ለመጣው ሁሉ «ጎ! ጎ!» ይላሉ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ ነው፤ ካውሰር ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ትሰማለች፤ በእያንዳንዷ ልቧ ያርፋል። እንደዚህ ከቀጠሉ ምንም ችግር የለም። ከውጭ የዩኑስ መኪና ተዘጋጅታለች፤ ሻንጣዋ ተጭኗል፤ ኒካሑ እንዳለቀ በጊዜ ካልወጡ መንገዱ አይገፋም።

ሼህ ፋዲል ዱዓ አደረጉና ወደ አልጋው ጠጋ አሉ።

«መምህር ዓብዱልሀኪም» አሉ ጮክ ብለው፣ ቃል በቃል እየለዩ፤ «ልጅዎን ካውሰርን ለዩኑስ እንዲድርልዎ፣ ወደ ተልተሌም ይዟት እንዲሄድ፣ ለወንድምዎ ለዓብዱሰመድ ውክልና ሰጥተዋል?»

መምህሩ ሼሁን አዩ። ወንድማቸውን አዩ። ከዚያ መጋረጃውን አዩ፤ ሰው ሊኖርበት የሚችለውን ቦታ ፈልገው፣ ልክ እሷ ያለችበትን። አፋቸው ተከፈተ። ቃሏ ስትነሣ ጉሮሯቸው ላይ ታየች። ክፍሉ በሙሉ ወደፊት አዘነበለ፤ ዓብዱሰመድ ፈገግታቸውን አስቀድመዋል።

መምህሩ ደህናውን ግራ እጃቸውን አነሡና አፋቸውን ከደኑት።

ለካ በዚያ ክፍል ውስጥ ያችን ቃል ከእሳቸው በላይ የሚያውቃት ሰው አልነበረም። ከተናገሯት ምን እንደምትሆን ገብቷቸዋል። ሌላ ቃል የላቸውም፤ እምቢ የሚሉበት የላቸውም፤ ያላቸው አንድ ፈቃድ ብቻ ነው፤ እሱ እንዳይወጣባቸው በእጃቸው አፈኑት።

«ጋሼ፣ ይበሉ እንጂ» አሉ ዓብዱሰመድ። «ሲሉት አልነበር እንዴ ጠዋቱን ሙሉ!»

መምህሩ እጃቸውን አጠበቁ። መዳፋቸው ሥር ትንፋሻቸው ሲያፏጭ ይሰማል። ቃሏ ለማዳ ናት፣ ሳይጠሯት ትመጣለች፤ ስትመጣ ያፍኗታል፣ ደግማ ትመጣለች፣ ደግመው ያፍኗታል። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ዓብዱሰመድ አፍረው ሊስቁ ሞከሩ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው የወንድማቸውን እጅ ይዘው ወደ ታች ሳቡ። «አንዴ ብቻ፣ ጋሼ፤ ለልጅዎ ብለው።» ግማሽ ጎናቸው የሞተ ሽማግሌና አንድ ጎልማሳ ነጋዴ በአንዲት እጅ ላይ ታገሉ።

ካውሰር ከመጋረጃው ወጣች። ወጣች እንጂ ወዲያው አልተናገረችም፤ ይህን ከራሷ መደበቅ አልቻለችም። ለአንድ አፍታ እጁ እንዲለቅ ተመኘች። ይለቅና አንዲት ቃል ታምልጣቸው አለች፣ በልቧ፣ ስለ አባቷ። ከዚያ ነው፣ «አጎቴ፣ ልቀቋቸው!» ያለችው።

ዓብዱሰመድ ለቀቁ። የመምህሩ እጅ አፋቸው ላይ ቀረ።

«መልስ ሰጥተዋል» አሉ ሼህ ፋዲል ቀስ ብለው፤ ጫማቸውን ፈለጉ። ሰዉ ከለቅሶ ቤት እንደሚወጣ አንድ በአንድ ወጣ። ዩኑስ የመጨረሻው ነበር። አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ የመምህሩን ግንባር ሳመ። ደጅ ወጥቶ ሻንጣዋን ከመኪናው አወረደና በረንዳው ላይ አስቀመጠላት። «ካውሰር» አላት። «ከርሜ ልምጣ?»

«አትምጣ» አለችው። «ከመጣህ እሳቸው ይሞታሉ።»

ሄደ። ክረምቱ አልፎ በጋ ሲገባ፣ የእናቱ ዓይን ሊሆን የሚችል ሰው ቤቱ ያስፈልገዋልና፣ ተልተሌ ውስጥ ማግባቱን ከብት ነጂዎች ለአጎቷ ነገሩ፤ አጎቷም ስኳር እየመዘኑ ለሸምሳ ሲነግሩ ሰማች። ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋችና እስኪደክማት አለቀሰች።

ቢሆንም የከፋው ይህ አልነበረም። ከዚያች ቀን ወዲያ መምህሩ መናገር አቆሙ። መጀመሪያ ተቆጥተው ነው ብላ አሰበች። ሰው ሲመጣ ዝም። ሬዲዮው ሲለፈልፍ ዝም። ሶላት ሲሰግዱ ከንፈራቸው እንኳ አይነቃነቅም። ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው፤ ሌላ በሽታ የለባቸውም ተባለ። ቃሏ አልጠፋችባቸውም፤ እያለቻቸው አያወጧትም። አንዴ ብትወጣ ልጃቸውን የምትወስድባቸው ስለመሰላቸው፣ ለውሃም ለብርድም የምትሆነዋን ቃል ዘጓት።

«አባ፣ ውሃ ይፈልጋሉ?» ትላለች። ያዩዋታል። «በረደዎት?» ያዩዋታል። እንደ እሳቸው ጠመኔ የያዘች መስላ ፊታቸው ቆማ፣ «ጎ በሉ፣ አባ፤ ጎ ባድ፣ ጎ አውት» እያለች ልታስቃቸው ሞከረች። ራሷ ስታለቅስ ተገኘች። «አልሄድም እኮ! የት እሄዳለሁ? ማን ወስዶኝ!» ብላ ጮኸችባቸው አንድ ቀን። በአማርኛ ማለችላቸው፣ በኦሮምኛ ማለችላቸው፣ ቁርዓኑን አውርዳ እጇን አስቀምጣ ማለችላቸው። እሳቸው የሚያዩት ከእሷ ጀርባ በሩን ነው። ያንጊዜ ጠላቻቸው። አባቷን ጠላች፤ እንዲህ ለምና በማትፈታበት መንገድ ስላሰሯት ጠላቻቸው፤ ወዲያውም ለሼሁ «ሂጂ ማለት ነው» ያለች የራሷ ምላስ ትዝ አላት። መጀመሪያ ቃሏን ያበላሸችባቸው እሷ ናት፤ ማንን ትክሰስ?

በግምት ትይዛቸው ጀመር። ውሃ በሰዓቱ፣ ምግብ በሰዓቱ፣ መገላበጥ በሰዓቱ። ገበያ ወጥታ የዘገየች ዕለት ስትመለስ ቤቱ ውስጥ ሽታ ነበር። መስኮቱን ከፍታ፣ ብርድ ልብሱን ገልጣ፣ በጎናቸው አስተኛቻቸው። ከወገባቸው በታች ቆዳው ተገልጦ ቁስሉ ወደ ውስጥ ገብቷል። የአንድ ቀን አይደለም፤ ሰሞኑን ስታገላብጣቸው ልብሳቸውን ገልጣ አላየችም። ለቀናት ሥጋቸው ሲቆረጥ ተኝተውበታል፤ ዝቅ ብላ ሁለቴ የምትደጋገመውን፣ አሞኛል የምትለዋን፣ እሷ ከሌላ ክፍል ሆና የምትሰማትን፣ አላሰሟትም።

«ለምን አልጠሩኝም፣ አባ?» አለች። «ለምን?»

መምህሩ ግራ እጃቸውን ዘርግተው የቀሚሷን ጫፍ ያዙ። ጨው ያለበት ውሃ ልታመጣ መነሣት ነበረባት፤ ጨርቅ ማምጣት ነበረባት፤ ቁስሉ ዝንብ ይጠራል። «አሁን እመጣለሁ፣ ጓዳ ድረስ ነው» አለቻቸው፤ እጃቸው አልለቀቀም። ሸምሳ በአጥሩ በኩል ብታልፍ ጠርቼ ውሃውን አስመጣለሁ ብላ፣ እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።